በበዓለ ሃምሳ የጾምኩት ረመዳን

ማዳም ልጇን ጽናት እንዳስተምርላት ያዘዘችኝ በገዛ ጉራዬ ነው። ያን ዓመት ኮሮና ኩዌትን ቆላልፎ ሁላችንንም ቤት አስቀምጦናል። ሰው ሁሉ ከጧት እስከ ማታ ፍሪጅ ሲከፍትና ሲዘጋ፣ እኔ ሑዳዴን ይዤ ሽሮዬን እየቀቀልኩ ደረቴን ነፍቼ እንጎራደዳለሁ። ማዳም ከዶሮው ቅመሺ ስትለኝ፣ እኛ ሐበሾች ሁለት ወር ሙሉ ሥጋም ወተትም አንነካም፣ ከልጅነታችን የለመድነው ነው እላታለሁ። ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ እንጃ፣ ለኛ ጾም ማለት ጨዋታ ነው ብዬም ጨመርኩበት።

ፋሲካ አልፎ ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ገባ። የማዳም ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እኔ በሆዴ ትንሿ ማዳም ነው የምላት። ዘንድሮ ሙሉ ቀን ካልጾምኩ ብላ ቤቱን አመሰችው። ምክንያት ነበራት። ሴት አያቷ የሚኖሩት እዚያው ቤት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ደረታቸው ደካማ ስለሆነ በሽታው ከገባ ወዲህ ማንም እንዳይጠጋቸው ተብሏል። ምግባቸውን በራቸው ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ የምሮጠው እኔ ነኝ። ልጅቷ ደግሞ ከእሳቸው ጉያ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ነች። ዩማ ነው የምትላቸው። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በስልክ ነበር የሚነጋገሩት።

አያትየዋ ታዲያ ቃል ገቡላት። አንድ ቀን እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከጾምሽ፣ ደረጃው ድረስ ወርጄ ካንቺ ጋር አፈጥራለሁ አሏት። ልጅቷ የፈለገችው ያን ብቻ ነው፤ አያቷን በዐይኗ ማየት። ማዳምም ጠራችኝና፣ አንቺ የጾም ሰው ነሽ፣ እንዴት እንደሚቻል አስተምሪያት አለችኝ። በዚያ ሁሉ ጉራ ላይ እንዴት እምቢ ይባላል?

በመጀመሪያው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ትንሿ ማዳም ድምጿ ጠፋ። ብፈልጋት ብፈልጋት የለችም። በኋላ ከሶፋው ጀርባ የችብስ ከረጢት አቅፋ ስትቆረጥም አገኘኋት። ማዳምም ከኋላዬ ደረሰች። ልጅቷ እቴ፣ ምንም አልደነገጠችም። ጾሜ ላይ ነኝ አለች። ችብሱ ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እሷም ስትጾም ድንች ትበላ ነበር ብላ በጣቷ ወደኔ ጠቆመች። ለካ አይብ ያለበትን ትታ፣ ጨው ብቻ ያለበትን መርጣ ነው የወሰደችው። በኛ ሥርዓት ቢሆንማ የምትመሰገን ጿሚ ነበረች።

የማዳም ዐይን እኔ ላይ ሲያርፍ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጄን ሃይማኖት ልታስቀይሪያት ነው ወይ ብላ ብታባርረኝስ፣ አውሮፕላን በቆመበት ጊዜ ወዴት እሄዳለሁ? እሷ ግን ግድግዳውን ይዛ ሣቀች። ሣቋ ሲያበቃ ትእዛዙ ጠበቀ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እስክትጨርስ ድረስ ከጎኗ እንዳትለዪ አለችኝ። ልጅቷም ቀበል አድርጋ፣ እሷም ከኔ ጋር ካልጾመች አልጾምም አለች።

ጉድ ፈላ። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ነው። በኛ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል እንጂ አይጾምም። ሑዳዴን ሙሉ ዕንቁላል በሕልሜ ሳይ ከርሜ፣ ገና ጥብሱን ሳልጠግበው! ማህቡላ ለምትኖር ወሎዬ ሙስሊም ጓደኛዬ ደወልኩላት። ሠፈሯ ታጥሮ ማንም ስለማይገባና ስለማይወጣ ለወሬ ጊዜ ሞልቷታል። ነገሩን ስነግራት እስኪደክማት ሣቀች። እናንተ ቀትር ሲል ትበላላችሁ፣ ያለ ውሃ ስትውዪ ደግሞ ዐሥር ሰዓት ላይ ጉድሽን አያለሁ አለችኝ። ከዚያ ቁም ነገር ነገረችኝ። ልጅን ምግብ አታስቢ ማለት ማሳሰብ ነው፣ እጇን ሥራ አስይዣት አለች። እግዜር ይቅር ይበለኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጧቱን እንደ ንግሥት ነበርን። ካልሲ አጣመድን፣ ምስር ለቀምን፣ የአሻንጉሊቶቿን ልብስ አጠብን። ወገቤን ይዤ ትምህርቴን ሰጠኋት። ረሃብ እንግዳ ነው፣ ካላጫወቱት ሰልችቶት ይሄዳል አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ የኔው ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል አለችኝ። እውነት ለመናገር የኔውም ከተቀመጠ ቆይቷል።

ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ ልጠብስ ምድጃው ፊት ቆምኩ። ወዮልኝ። የዘይቱ ሽታ አንጀቴን ይጎትተዋል፣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ብርጭቆ ላለቅልቅ ቧንቧውን ስከፍት ብርጭቆው ሞላ። እኔም አፍጥጬ ቀረሁ። የክርስቶስ ትንሣኤ ወቅት ነው፣ መጠጣቱ ሳይሆን አለመጠጣቱ ነው ነውሩ፣ ማንስ ይፈርድብኛል እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ትንሿ ማዳም መጣች። ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች። ክንዷን ዘርግታ ቧንቧውን ዘጋችው። ከዚያ ልክ እንደኔ ወገቧን ይዛ፣ አታጫውቺው አለችኝ። ወደ ሳምቡሳዬ ተመለስኩ።

መግሪብ ሲቃረብ ግን ልጅነቷ አሸነፋት። ጉንጯን ቀዝቃዛው ወለል ላይ አድርጋ አለቀሰች። ውሃ፣ ውሃ ብቻ አለች። ማዳም አልቻለችም፤ ብርጭቆ ይዛ መጥታ፣ እስካሁን የጾምሽውም ይበቃል፣ ጠጪ አለቻት። እኔም አንጀቴን በላችው። ጠጥታልኝ እኔም በተገላገልኩ ያልኩት ግን ለእሷ ብቻ አዝኜ አልነበረም። ልጅቷ ቀና ብላ ደረጃውን አየች። ብርጭቆውን በመዳፏ ገፋ አደረገችው።

የላይኛው በር ሲከፈት ሁላችንም ተነሣን። አያትየዋ ግድግዳውን እየያዙ፣ ማስካቸውን አድርገው፣ ቀስ እያሉ ወርደው የደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሙ። ከስተዋል። እኔ እንኳ ትሪ ሳደርስ ስለምሮጥ መክሳታቸውን አላየሁም ነበር። አዛኑ ተሰማ። ማዳም ለእሳቸው አስቀድማ ቴምር አኑራላቸው ነበር። እሳቸው ግን ቴምሩን ረሱት። ልጅቷን ሲያዩ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነይ አሏት።

ማዳም ደነገጠች፣ እኔም ልጅቷን ልይዛት ተንደረደርኩ። የሚያስፈልግ አልነበረም። ልጅቷ የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ አንድ እግሯን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንዳደረገች ቆማለች።

"ዩማ፣ አልመጣም" አለቻቸው። "እዚያው ሁኚ። በሽታው ሲያልቅ እመጣለሁ።"

አሮጊቷ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ፤ ማስካቸውንም መለሱ። እሳቸው ከላይ፣ እሷ ከታች ተቀመጡ። ቴምራቸውን ለመብላት እሳቸው ማስካቸውን በትንሹ ገለጥ አደረጉ፣ እሷ ደግሞ ፍሬዋን አውጥታ በጣቷ ይዛ አሳየቻቸው። እኔ ያስተማርኳት ረሃብን መቻል ነው። ይሄን ማንም አላስተማራትም። ልጅቷ የገፋችውን ብርጭቆ አነሣሁ። ቀኑን ሙሉ ነፍሴ ልትወጣለት የነበረውን ውሃ በእጄ እንደያዝኩ ወጥ ቤት ገባሁና፣ ሳልጠጣው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።