ሰንሰለት የያዙት አረጋዊ

የኦሃዮዋ ከተማችን ለባለሙያ ተጫዋቾች የአሜሪካ ፉትቦል ዋንጫ ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በበቃችበት በዚያ እሑድ፣ ኳሱ ወደፊት መሄድ ያለበትን አሥር ያርድ የሚለካውን ሰንሰለት የያዙ አንድ አረጋዊ አየሁ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚለብሱትን ካፖርት እንደ ለበሱ፣ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ሰንሰለቱን በመሐረብ ይወለውሉት ነበር።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ የእኛ ተጫዋች በመጨረሻው ሙከራ ኳሱን እንዳቀፈ ጭቃው ላይ ወደቀ። አሥሩ ያርድ ካልሞላ ኳሱ ለእንግዶቹ ያልፋል፤ ዋንጫውም አብሮ።

«ኧረ ሽማግሌው፣ ላላ አድርጋት እንጂ! የማን ወገን ነህ?» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ።

አረጋዊው ተንበርክከው ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ወጠሩት። አንድ ጣት ጎደለ።

ጨዋታው ሲያበቃ ካፖርታቸውን አውልቀው በዚያው ተጫዋች ትከሻ ላይ ደረቡለት።

«አንድ ጣት ብቻ እኮ ነው፣ አባዬ» አላቸው ተጫዋቹ።

«አይቼዋለሁ፣ ልጄ» አሉት።

ካፖርቱን ቆለፉለት፤ ሰንሰለቱን ሲወለውሉበት በዋሉት መሐረብም ከገዛ ልጃቸው ፊት ላይ ጭቃውን ጠረጉለት።