የመውጫ በሩ ዳኛ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሠርቶ የአንድም ፊልም መጨረሻ ያላየ ሰው ቢኖር ዳኛው ነው። ፊልሙ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከአዳራሹ ይወጣል፤ ወፍራሙን መጋረጃ ከኋላው ይዘጋል፤ ሁለቱን የብረት መዝጊያዎች በርግዶ ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለሚወጣው ሰው ሰጥቶ ይቆማል። ጀግናው ይሙት ይዳን፣ ሙሽራይቱ እሺ ትበል እንቢ፣ ሌባው ይያዝ ያምልጥ የሚያውቀው ከሰው ፊት ነው። ሥራው በረኝነት ነው። «ዳኛው» ያሉት የሲኒማ ቤቱ ባለቤት የነበሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ስሙም ሹመቱም ከእሳቸው ተረፈ።

ሹመቱ እንዲህ ነው። አዲስ ፊልም በሚከፈትበት ቀን ዳኛው የወጪውን ሰው ፊት አንብቦ፣ የተቀደደ ትኬት ጀርባ ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ፣ በሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛ መስተዋት ሥር ያስገባል። ቁጥሩ ፊልሙ ስንት ሳምንት ሰው እንደሚያመጣ ነው። ከዚያ በላይ ሐተታ የለም።

ሕግም አለው። ከበሩ እስከ አስፋልቱ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው። እስከ አምስተኛው እርምጃ ድረስ የሚናገረው ትኬት የገዛው አፍ ነው፤ ተሞኘሁ ላለማለት ያሞግሳል። እውነተኛው አፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሰባተኛው እርምጃ ስልኩን ካወጣ፣ ፊልሙ ታሟል። በዘጠነኛው ስለ ምሳ ካነሣ፣ ፊልሙ ሞቷል። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ቆሞ ከጓደኛው ጋር እጁን እያወናጨፈ ከተጨቃጨቀ ግን ፊልሙ ገና ዕድሜ አለው። ይህን ምሁራን ተሰብስበው መግለጫ ቢያወጡበት ኖሮ ሳይንስ ይባል ነበር። አንድ በረኛ ስላወጣው አመል ተባለ።

ታዲያ ዳኛም ይሳሳታል። ከሦስት ዓመት በፊት «ክንፈ ነበልባል» የሚባል ፊልም መጣ። ቀይ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና አንድ ከተማ ሕዝብ ከእሳት አውጥቶ ሲያበቃ እሱ ራሱ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ተመልካቹ አንገቱን ደፍቶ፣ ጭጭ ብሎ ወጣ። ዐሥራ ሁለቱንም እርምጃ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ዳኛው ዝምታውን መዘነና «ግማሽ» ብሎ ጻፈ። ፊልሙ ዐሥራ አራት ሳምንት ቆየ።

ሥራ አስኪያጇ ይቅር አለችው። ሚስቱ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያኔ «ቀይ ጨርቅ ላምጣ ወይ?» ብላ ጠይቃው «ተዪው፣ ሬሳ ነው» ብሏት ነበር። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቀይ ካባ ካልተሰፋልኝ አለ። የሰፋው ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሆነ።

«አንተ የምታየው በቁመትህ ልክ ነው!» አለችው ያን ጊዜ፣ መርፌውን ከከንፈሯ ሳታወጣ። «ልጆቹ ጃኬታቸውን አንገታቸው ላይ አስረው፣ እጃቸውን ዘርግተው በጉልበትህ ሥር ሲበሩ አላየሃቸውም። የትልቅ ሰው ፊት ስታነብ ልጅ እየረገጠህ አለፈ።»

እውነቷን ነበር። ዳኛው ለማንም ሳይናገር ሕጉ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረ፤ ዝቅ ብሎ ማየት።

ይኸው አሁን «ክንፈ ነበልባል ሁለት» መጣ። አመድ የሆነው ሰውዬ እንዴት ሁለተኛ እንደሚመጣ የጠየቀ የለም። ለፊልሙ አከፋፋይ አመድ ማለት ያላለቀ ሥራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው በሩን ሊከፍት ሲሄድ መውጫው ላይ አንድ ነገር ተተክሎ አገኘ፤ ባለ አንድ እግር ማሽን፣ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ያሉት። አንደኛው ቁልፍ ላይ የሚስቅ ፊት፣ ሌላው ላይ ያኮረፈ ፊት ተሥሏል። የሚስቀውን ሲጫኑት ቲሪሪም የሚል ዜማ ያሰማል። ያኮረፈው ዝም ነው።

ሥራ አስኪያጇ አጠገቡ ቆማለች። የሽማግሌው ልጅ ናት፤ ዳኛው በሕፃንነቷ ተሸክሟታል። ሰው ፊት አንቱ ይላታል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ አንቺ።

«ጋሼ ዳኛው፣ ይተዋወቁ» አለችው። «የሥራ ባልደረባዎ ነው።»

«ደመወዙ ስንት ነው?»

«አይቀልዱ። አከፋፋዩ ዛሬ ማታ ይደውላል። ትልቁን አዳራሽ ለስንት ሳምንት እንደምሰጠው መወሰን አለብኝ። ባለፈው የእርስዎን ግማሽ አምኜ ሌላ ፊልም ልከፍት ምንም አልቀረኝም ነበር። ዛሬ እርስዎም ይፍረዱ፣ ማሽኑም ይፍረድ።»

«ከተለያየንስ?»

«ትክክሉ በሩን ይይዛል። የተሳሳተው መኪና ማቆሚያው ይሄዳል።»

«ማሽኑ መኪና ማቆም ይችላል?»

ወደ ቢሮዋ ሄደች። መልሱ ግን ገባው። መኪና ማቆሚያው ከሕንፃው ጀርባ ነው። እዚያ የሚታየው የመኪና ፊት ብቻ ነው፣ መኪና ደግሞ ፊልም አያይም።

የከሰዓቱ ትርኢት ሲጀመር አዳራሹ ጢም አለ። ዳኛው በመጋረጃው ቀዳዳ የሚሰማው ጩኸት ለጉድ ነው። ጀግናው ከአመዱ ሲነሣ ጭብጨባ፣ ካባውን ሲያነሣ ፉጨት፣ ሕንፃ ሲፈርስ እልልታ። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቀችበት።

«ጋሼ፣ ዕቃዎን ይሰብስቡ እንግዲህ። ይኼ ሁለት ወር ነው።»

«ልጄ፣ አዳራሽ ውስጥ የሚጮኸው ጨለማው ነው። ሰው ብርሃን ላይ ሲወጣ ነው የሚታየው።»

ጊዜው ደረሰ። ወጣ፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ በሩን በረገደ፣ ቆመ። ማንም አልመጣም። ሁለት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። የዘንድሮ ተመልካች የሠራተኞቹ ስም ተነቦ እስኪያልቅ ከወንበሩ አይነቃነቅም፤ ከስሙ በኋላ የተደበቀች ቁራጭ ፊልም አለች ይባላል። የወንድሙን ስም የማያስታውስ ጎልማሳ የመብራት ሠራተኛውን ረዳት ስም በተመስጦ ያነባል።

በመጨረሻ ወጡ።

ከፊት ሁለት ጎረምሶች።

«አሪፍ ነው!»

«በጣም አሪፍ ነው!»

«የቱ ጋ ነው ግን በጣም አሪፍ የሆነው?»

«ሁሉም ጋ።»

«እኮ የቱ ጋ?»

«ኧረ አትነዝንዘኝ፣ አሪፍ ነው አልኩህ እኮ!»

ስድስተኛው እርምጃ ላይ ሁለቱም ስልካቸውን አወጡ።

ቀጥሎ አንድ ባለመነጽር ወጣ። አመዱ የዘመናችን ሰው ብቸኝነት ተምሳሌት እንደሆነ ለእጮኛው ያብራራል። እጮኛው ስምንተኛው እርምጃ ላይ «ታክሲ ጥራ» አለችው። ከዚያ አንዲት እናት፣ ቦርሳዋን እየጎረጎረች፦ «ባለፈው ለእሱ ያለቀስኩት ዕንባ! ሞቶ ቢቀር ምን ነበረበት? ሰው አክብሮ አልቅሶለት ይነሣል?»

ዳኛው ሁሉንም ሰማ፣ ፍርዱን ግን አልሰጠም። ሕጉን አስታውሶ ዝቅ አለ፤ ጉልበቱን ይዞ፣ ወገቡ ቋ እያለ፣ በልጆች ቁመት ልክ ተመለከተ። የሚበር ልጅ የለም። ጃኬቱን አንገቱ ላይ ያሰረ አንድም የለም። ጃኬታቸው በእናታቸው ክንድ ላይ ነው። ልጆቹ ግን ይሮጣሉ፤ ወደ ማሽኑ። ተሰልፈዋል፣ ይጋፋሉ፣ የሚስቀውን ፊት ይጫናሉ፤ ቲሪሪም! ሄደው ተመልሰው ይሰለፋሉ፤ ቲሪሪም! ሰፊው ሕዝብ ድምፁን በነጻነት እየሰጠ ነበር፤ አንዱ መራጭ ዐሥራ አምስት ጊዜ። ያኮረፈውን ፊት የሚነካው በስሕተት ብቻ ነው፤ ዜማ የለውማ።

አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «እማዬ፣ ነገም እንምጣ!»

«ፊልሙን ወደድሽው?»

«አይ፣ ቁልፉን።»

ዳኛው ከኪሱ የተቀደደ ትኬት አውጥቶ «አንድ» ብሎ ጻፈ።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሲገባ የማሽኑን ውጤት ስልኳ ላይ እያየች ነበር። «ከመቶ ዘጠና አራቱ ሳቁ! እርስዎስ?» ትኬቱን ገልብጣ አየችና ሳቋን ለመያዝ አፏን ሸፈነች። «አንድ ሳምንት? ጋሼ፣ ጩኸቱን አልሰሙም? ባለፈው ዝም ሲሉ ሞተ አሉ፣ ዛሬ ሲጮሁም ሞተ!»

«ሳቁ የማሽኑ ነው፣ የፊልሙ አይደለም። ልጆቹ ዜማውን ነው የወደዱት።»

«የተሸነፈ ሁሉ ምርጫው ተጭበርብሯል ይላል» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ዳኛው በረንዳው ላይ ወጥቶ መኪና ማቆሚያውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቤት ተመለከተው። አንዲት ዛፍ አለች። ጥላዋ ለአንድ ወንበር ይበቃል።

ሁለተኛው ትርኢት እንዳለቀ ሥራ አስኪያጇ ራሷ ወደ መውጫው መጣች፣ ስልኳን እያውለበለበች። «ዘጠና ሰባት! ይኸው፣ እየተወደደ ሄደ። አምስት ሳምንት እሰጠዋለሁ።»

ዳኛው ግራ ቀኙን አየ። «ማሽኑ የታለ?»

በሩ ላይ ማሽን የለም። ሃያ ሁለት ዓመት እያንዳንዷን ንጣፍ የሚያውቅ ሰው፣ በትካዜ ተውጦ ባልደረባው መጥፋቱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ፈለጉ። በመጨረሻ ቲሪሪም የሚል ዜማ ከኮሪደሩ ጫፍ መጣ። ተከትለው ሄዱ። ማሽኑ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ የልጆች ሰልፍ እስከ ደረጃው ደርሷል።

ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ደነገጠች። «ውይ! ወለሉን ስወለውል ገፋ አድርጌው ነበር፣ ረሳሁት። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ» አላት ዳኛው። ድምፁ ማር ማር ይላል። «ሽንት ቤቱ ከፊልሙ በሦስት ነጥብ በለጠ ማለት ነው።»

«ቧንቧው እኮ ከተበላሸ ወሩ ነው!»

«እንዲያውም! ቢጠገን መቶ ይሞላል።»

ሥራ አስኪያጇ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ሰልፈኞቹ ግን አላቆሙም፤ ቲሪሪም፣ ቲሪሪም። ማታ አከፋፋዩ ሲደውል ግን እንደ ተማረ ሰው አደረገች፤ ዳኛውንና ሽንት ቤቱን አስታርቃ «ሁለት ሳምንት» አለችው።

የመጀመሪያው ሳምንት በወረፋ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ በትልቁ አዳራሽ ስድስት መቶ ወንበር ላይ ዘጠኝ ሰው ተቀመጠ፤ ከዘጠኙ ሁለቱ ዝናብ ያስገባቸው ናቸው። ሥራ አስኪያጇ ወደ መውጫው ወረደች። ሰው አልነበረም።

«በሩ ያንተ ነው፣ ጋሼ» አለችው። አንቱታውን ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ነች የጣለችው። «ማሽኑን እመልሰዋለሁ። ዛሬ ግን ለዘጠኝ ሰው በር የሚከፍት አያስፈልግም። ግባና ቁጭ ብለህ እይ። አንዴ እንኳ እስከ መጨረሻው።»

«የገደልኩትን ፊልም?»

«ቀባሪ አያስፈልገውም?»

ገባ። ከኋላ ተቀመጠ። የአዳራሹ ማቀዝቀዣ ለስድስት መቶ ሰው የተከፈተ ስለሆነ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። መጀመሪያ ላይ በአፍንጫው ይስቅ ነበር። ከዚያ ከአመዱ የተነሣው ጀግና የቀድሞ ጉልበቱ እንደሌለው፣ ከተማው በእሱ ፋንታ የሚበር ማሽን እንደገዛ ዐየ። ማንም በማይፈልገው ማማ ላይ ቆሞ ከተማውን የሚጠብቀው ሰውዬ ፀጉሩ ሸብቷል። ዳኛው ሳቁን ተወ። አምስት ደቂቃ ሲቀረው እግሩ እንደ ልማዱ ተነሣ፤ በገዛ እጁ ጭኑን ይዞ መለሰው። መጨረሻውን ዐየ። የሠራተኞቹንም ስም አነበበ፣ የመብራት ረዳቱን ሳይቀር። የተደበቀችውንም ቁራጭ ዐየ።

ጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ፣ ልክ እሱ በሚቆምበት ቦታ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ጠበቀችው። ዐይኑ ቀልቷል። በሰባተኛው እርምጃ ስልኩን አላወጣም። በዘጠነኛው ስለ ምግብ አላነሣም። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ቆመ፤ የሚጨቃጨቀው ሰው ፈልጎ ዞረ።

«ጋሼ፣ ስንት ሳምንት ልጻፍ?»

«አንድ ነው፣ አንድ!» አለ ጉሮሮውን ጠራርጎ። «የልጅ ፊልም አይደለም። ለሕዝቡ አንድ ሳምንት ይበቃዋል።»

«ለእርስዎስ?»

ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ኮቱ ከትከሻው አልወረደም፤ የላይኛው አንድ ቁልፍ ብቻ አገጩ ሥር ተቆልፏል፣ ሁለቱ እጅጌዎች ከኋላው ይወዛወዛሉ። በዚህ ሁኔታ ሦስት መንገድ ተሻግሮ፣ ገበያውን አቋርጦ መጥቷል።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«በርዶኝ ነው።»

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ተነሣች። ከመሳቢያዋ ሥር ደብቃ ያስቀመጠችውን ቀይ ጨርቅ አወጣች፤ ሁለተኛው ፊልም ሊመጣ ሲል፣ የሱን ፍርድ ሳታምን ለክፉም ለደጉም ብላ የገዛችው ነው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

«ዙር» አለችው። «ትከሻህን ልለካ።»

ዳኛው ዞረ፤ እጆቹንም፣ ሳትነግረው፣ ወደ ጎን ዘረጋ።