በመስከረም ወደ ደጅ የወጡ ካክተሶች

ጋሽ ሰይፈን መቀየም አልችልም። እሳቸውን ብቀየም ራሴንም መቀየም ሊኖርብኝ ነው፤ ያን ቀን የካክተስ ፖቶቹን አብረን ነው የተሸከምነው።

ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ሰፈር ዳገቱ ላይ ምግብ ቤት አለችኝ። ከአጥሬ ወዲያ ያለው ችግኝ መሸጫ የጋሽ ሰይፈና የባለቤታቸው የገንዘቤ ነው። እውነቱን ለመናገር ሥራው የእሷ ነበር። እሳቸው ፒክአፑን ይነዳሉ፣ ከባድ ያነሳሉ፣ ለደንበኛ ያደርሳሉ። አፈር የምታቀላቅለው፣ ውሃ የምታጠጣው፣ የምትቆጣውም እሷ። ጽጌረዳውንና ሌላ ሌላውን ሰው ቢነካባት ችላ ትላለች። እሾሃሞቹን ካክተሶችና ቅጠለ ወፍራሞቹን ግን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። አንድ ቀን በርጥብ እጄ አንዱን ስላነሳሁ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች።

ከሁሉም አንዱን ትወድ ነበር። ከፍሬ አብቅላ አስራ ስምንት ዓመት ያሳደገችው፣ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ካክተስ። ልጅ አልወለዱም። ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ «እንዴት አደርክ?» የምትለው እሱን ነበር፤ ባሏ ሲስቁባት «አንተማ መልስ ትሰጣለህ፣ እሱ ዝም ብሎ ይሰማኛል» ትላለች።

ነሐሴ ላይ ሆዷን አሟት ሆስፒታል ገባች። ኦፕሬሽን ተደረገች። ሐኪሙን ያነጋገረችው ብቻዋን ነው፤ ስንገባ ፈገግ ብላ «ዕጢውን በሙሉ አውጥተውታል፤ አሁን ማረፍ ብቻ ነው» አለችን። አመንናት። ለባሏ ያለችው ነገር ቢኖር «ካክተሶቼን አደራ፣ ሰይፈ» የሚል ብቻ ነው።

አደራ የተባለ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። መስከረም ሲጠባ ጋሽ ሰይፈ በጠዋት መጥተው በሬን አንኳኩ። «ፋንቱ፣ ክረምቱ አለቀ እኮ። ፀሐይ ይምታቸው፤ ስትመጣ አምረው ትያቸው» አሉኝ። ከላስቲክ ጣሪያው ሥር አንድ በአንድ አወጣናቸው። አሸዋማ አፈራቸውን ደፍተን ጥቁር ለም አፈር ሞላንላቸው። በየጠዋቱ ውሃም ጠጡ። አገራችን መስከረም ላይ እንደሚደረገው ሁሉ አደረግን።

ካምፓላ ግን መስከረም ዝናብ የሚገባበት ወር ነው። ሃያ ዓመት ኖሬበት ይህን አላውቅም? አውቃለሁ። ዣንጥላ እይዛለሁ፣ ጭቃውን እረግማለሁ። ልቤ ግን መስከረም ሲባል ብራ ነው የሚለው። ገንዘቤ በየዓመቱ፣ ዘንድሮም ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት፣ ነሐሴ ላይ ካክተሶቹን ወደ ውስጥ ስታስገባና ውሃ ስትቀንስ ሁለታችንም አይተናል። አይተን ልብ አላልንም። ያቺ ብልህ ሴት እንዲህ ያሉ ሁለት ደደቦች መሃል ነበር የምትኖረው!

ለሁለት ሳምንት ዘነበ። ትንንሾቹ ከሥራቸው እንደ በሰበሰ ቲማቲም ሟሙ። መልሰን ብናስገባቸውም አልዳኑም። ከዚያ ትልቁ አንድ ጠዋት ዘምሞ ተገኘ።

ገንዘቤ ከሆስፒታል በየቀኑ ትደውላለች። ያን ጠዋትም ደወለች። «እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ገንዜ። ፀሐይ እየሞቁልሽ ነው» አሉ ጋሽ ሰይፈ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«በዚህ ወር የምን ፀሐይ ነው? አወጣሃቸው?»

ጋሽ ሰይፈ ስልኩን እንደያዙ እያለቀሱ ነገሯት። ቁጣዋን ጠበቅኩ። በአንድ ጠብታ ውሃ የምትቆጣ ሴት አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ረጋ ብሎ መጣ። «ትልቁን ቶሎ ቁረጠው። ቢላውን በአልኮል ጥረግ። መሃሉ ላይ ቡናማ ካየህ ብስባሹ አላለቀም ማለት ነው፤ ቢላውን ጠርገህ ከፍ አድርገህ እንደገና ቁረጥ። ንጹህ አረንጓዴ ስታገኝ አቁም። ጥላ ውስጥ ይድረቅና አሸዋ ላይ ትተክለዋለህ። አንድ ስንዝር ከተረፈ ይበቃል፣ ሥር ያወጣል።»

እኔ በጆንያ ጠቅልዬ አቀፍኩት፣ እሳቸው ቆረጡ። ቡናማ። ከፍ ብለው ቆረጡ። ቡናማ። ጓንት ያድርጉ ብላቸውም አልሰሙኝም። ቁርጡ ወገቤ ጋ ሲደርስ ቡናማው ነጥብ ያነሰ መሰለንና ተያየን፤ የሚቀጥለው ቁራጭ ላይ ግን አሁንም አለ። «ጋሽ ሰይፈ፣ ይብቃዎት» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ይላሉ። በመጨረሻ እጃቸው ላይ የቀረችው እንቁላል የምታህል ጫፍ ናት። እሷንም ለሁለት ከፈሏት። መሃሏ ቡናማ ነው።

በማግስቱ አብረን ሆስፒታል ሄድን። ናካዋ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ፒክአፑ ውስጥ አንድ ሰዓት ስንቀመጥ ጋሽ ሰይፈ የሚሉትን ሲለማመዱ ነበር። «ንጹሑ ላይ ደረስኩ፣ ተክየዋለሁ እላታለሁ። እስክትድን ድረስ ነው። አንቺም እንዳትናገሪ።» እሺ አልኩ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እዋሽ ነበር።

ገንዘቤ ከስታ አልጋው ውጧታል። ባሏን ገና ከበር ስታያቸው «ንጹሑ ላይ ደረስክ?» አለቻቸው።

ጋሽ ሰይፈ አፋቸውን ከፈቱ። የተለማመዱት አልወጣም። «አልደረስኩም፣ ገንዜ። እስከ ጫፉ ቆረጥኩት። ንጹህ የለውም። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

አላለቀሰችም። ቀኝ እጃቸውን ስባ ደረቷ ላይ አስቀመጠችና ጣታቸው ውስጥ የቀረውን እሾህ በጥፍሯ መንቀል ጀመረች። አንዱን ነቀለች፣ ሁለተኛውን ነቀለች።

«አንተ አይደለህም የገደልከው፤ ዝናብ ነው» አለች። ቀና ሳትል ቀጠለች፦ «እኔንም ከፍተው አይተው ነው የዘጉኝ፣ ሰይፈ። የሚቆርጡበት ንጹህ ቦታ አላገኙም። እንዴት እንደምነግርህ ጨንቆኝ ነው ሁሉንም አወጡት ያልኩህ።»

የጋሽ ሰይፈ እንባ አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ቀኝ እጃቸውን ጨርሳ ስትለቀው ግራውን ዘረጉላት፤ እሱም እሾህ ሞልቶት ነበር።