አጎቴ በገበያ ቀን ሲጠሩኝ

አጎቴ ባምላኩ ፍኖተ ሰላም ከተከራየሁበት ቤት ድረስ መጥተው «ፋናዬ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች፤ አሁኑኑ እንሂድ» ሲሉኝ ነጠላዬን አነሣሁ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በእኛ አገር ለተማሪ ልጅ መርዶ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

«አባቴ ደኅና ናቸው?» አልኳቸው።

ከጎኔ የቆሙትን አከራዬን ሰረቅ አድርገው አዩና «ስትደርሺ ታይዋለሽ» አሉኝ። ዝምታ ጀግንነት የሚመስላቸው ሰው ናቸው! እስከ ማንኩሳ በሚኒባስ፣ ከዚያም ከገበያተኛው ጋር በእግር ስንጓዝ ትንፍሽ አላሉም።

እኔ የማስበው የአባቴን በረባሶ ጫማ ነበር። ባለፈው ወር ስንቅ ተሸክመው ሲመጡ፣ ጓደኞቼ ያን ጫማ እንዳያዩብኝ አፍሬ ውሃ እንኳ ሳላቀምስ ነበር የሸኘኋቸው። ታዲያ በዚያው ቢቀሩስ?

አጥራችን ጋ ስንደርስ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ «አባቴን! አባቴን!» እያልኩ ጮህኩ።

አባቴ ገና እርጥብ የሆነች ጥጃ እንዳቀፉ ከበረት ሮጠው ወጡ። ለካ ላማችን ወልዳ፣ እናቴ የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ ሳያልቅ እንድቀምስ ብላ ኖሯል ያስጠራችኝ። አጎቴም አፋቸውን የዘጉት የሰው ዓይን ፈርተው ነው፤ የላም መውለድ በባዳ ፊት አይወራም።

«ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉ አባቴ፣ ደንግጠው።

«እርስዎ» አልኩና ያፈርኩበትን በረባሶ ተደፍቼ ሳምኩት።