በመሐረብ ተቋጥሮ የመጣ አፕ

ጠንቃቃ ነሽ ይሉኛል። ይኸው ጠንቃቃነቴ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻው ዓመት ላይ ከመመረቅ ሊያስቀረኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

የመመረቂያ ሥራዬ ለሚኒባስ ተሳፋሪዎች የሚሆን አፕ ነበር። ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ አዲስ አበባ ከሚያስገቡት መንገዶች የትኛው ክፍት፣ የትኛው የተጨናነቀ እንደሆነ ይናገራል። ርዕሱን የመረጥኩት አገር ሰላም ሳለ ነው። ሥራው ሲጋመስ ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ መጣና መንገዶቹ በየተራ ተዘጉ። አማካሪዬ ግን ርዕስ መቀየር አይቻልም አሉ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ሌሎች ተማሪዎች አፕ የሚሠሩበትን ትልቅ ፕሮግራም ስከፍትበት ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉን ነገር የምሠራው ጥቁር መስኮት ከፍቼ ትእዛዝ በመጻፍ ነበር። አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ነጫጭ ፊደላት ይንዠቀዠቃሉ፤ መጨረሻ ላይ አፑ ተሠርቶ ስልኬ ላይ ይከፈታል። ከትእዛዙ አንዲት ቃል ከቀየርኩ ደግሞ ያው አፕ ላፕቶፑ ላይ ይከፈታል። እንደ እኔ ላለች ዓይን አፋር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ዓለም ላይ የማዘው እሱን ብቻ ነበር።

ሥራዬን ለማቅረብ አምስት ቀን ሲቀረኝ ላፕቶፑ ሞላ። እኔም እንደ ጠንቃቃ ሰው ማጽዳት ጀመርኩ። አፑን ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ከኢንተርኔት እያወረደ የሚያጠራቅምበት አንድ ግዙፍ ፎልደር አገኘሁ። ሲፈልግ መልሶ ያወርዳቸዋል ብዬ አጠፋሁት። በማግስቱ ጠዋት ኢንተርኔት ተቋረጠ።

ትእዛዙን ጻፍኩ። ፋይሎቹን ላገኛቸው አልቻልኩም አለኝ። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የሚያደርገውን ቃል ጨምሬ ጻፍኩ። ያለ ኢንተርኔት ለመሥራት ፋይሎቹ ቀድመው መኖር አለባቸው አለኝ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ ሁኔታው የተረጋጋ በመሆኑ የማቅረቢያው ቀን እንደማይራዘም ይናገር ነበር። ያላቀረበ ዓመቱን ይደግማል።

ያጠፋኋቸው ፋይሎች ሱሉልታ የምትኖር የክፍሌ ልጅ ጋ ነበሩ። ስልክ ይሠራል። ደወልኩ።

«አንቺ ነሽ? ደወልሽ?» አለች። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ፎልደሩን አጥፍቼው ነው።»

«ምነው?»

«ላፕቶፑን ላጽዳ ብዬ።»

«እናትሽ ቤት ጥረጊ ሲሉሽ እንዲህ ትታዘዢያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሆኖም ፍላሽ ላይ ልትገለብጥልኝ ተስማማች። የቀረው ነገር ፍላሹ ሱሉልታ፣ እኔ ቡራዩ፣ መካከላችን ደግሞ የተዘጋ መንገድ መሆኑ ብቻ ነበር።

አከራያችን ገበሬ ናቸው። ሰፈሩ «ኦቦ» ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ከግቢው ጀርባ ጤፍ የሚዘሩበት መሬት አላቸው። ማስተር ፕላኑ ይወስደዋል፣ አይወስደውም በሚለው ወሬ ያን ሰሞን ከስተው ነበር። ሱሉልታ የዘመድ ለቅሶ ሊደርሱ በጋራው የእግር መንገድ ሊሄዱ መሆኑን ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ደጃቸው ሄድኩ። ሁለቱን ጊዜ ውሃ መጥቶ እንደሆነ ጠይቄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ውሃው ሲመጣ እኔው እጠራሻለሁ። ሌላው ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው።

«ክብደቱ ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ጣት ነው የሚያህለው፣ አባባ።»

«ለጣት ነው እንዲህ የተመላለስሽው?»

በማግስቱ ከሰዓት ተመለሱ። ከኪሳቸው የተቋጠረ መሐረብ አወጡ።

«ወታደሩ አስፈታኝና ምንድን ነው አለኝ። የልጅ ትምህርት ነው አልኩት። ትምህርት በመሐረብ ይቋጠራል ወይ አለኝ። ለቅሶ ደራሽ ሌላ ምን መቋጠሪያ አለው አልኩት።»

ፋይሎቹን ገልብጬ ትእዛዙን ጻፍኩ። ፊደላቱ ተንዠቀዠቁ፤ አፑ ስልኬ ላይ ተከፈተ። «የቡራዩ መንገድ ክፍት ነው» ይላል፣ በአረንጓዴ። ለመሞከሪያ ብዬ ድሮ የጻፍኩት ነው። ውጭ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮበታል።

አባባ የተሸከሙትን ማየት ፈለጉ። ስልኩ ለዓይናቸው ስላነሰ ያቺን አንድ ቃል ቀይሬ ካርታውን ላፕቶፑ ላይ ከፈትኩላቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አስፋልቱ ነው።»

«ይሄስ?»

«ፌርማታው።»

«ወንዙ የታለ?»

«ለሚኒባስ ስለማያስፈልግ...»

«ላፍቲ ኮ ኤሳ? መሬቴስ የታለ?»

ጣቴን ነጭ ቦታ ላይ አደረግኩ።

«ባዶ ነው» አሉ።

«ባዶ እንኳ አይደለም፣ አባባ። አልሣልኩትም እንጂ።»

«ፕላኑን የሣሉትም እንዲህ ነው የጀመሩት።» አልተቆጡም። መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ስለ ማስተር ፕላኑ ሲወራ እኔ በልቤ ሁልጊዜ ከእሳቸው ጎን ነበርኩ። በልቤ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ማንም አያየውም።

ጠንቃቃ ሰው ሊያቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚሠራ አፕ አይነካም። እኔ ነካሁት። ወንዙን በሰማያዊ ሣልኩ፤ ከግቢያችን ጀርባ አረንጓዴ ቁራጭ አድርጌ «ጤፍ» ብዬ ጻፍኩበት። ትእዛዙ መጀመሪያ እንቢ አለ፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ረስቼ ነበር። ሁለተኛው ላይ ሠራ።

በማቅረቢያው ቀን ታክሲ እስከሚገኝበት እስከ አስኮ በእግሬ ሄድኩ። ፈታኙ አፑን አገላበጡትና አረንጓዴው ላይ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጤፍ ነው።»

«ምን?» ድምፄ አልተሰማም ነበር።

«ጤፍ ነው» አልኩ ደግሜ። ክፍሉ ሳቀ።

«ለተሳፋሪ ጤፍ ምን ያደርግለታል? አውጪው።»

«እሺ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያው ነው የኖረው። «አይወጣም» አልኩ። «ሰው ያለበት ቦታ ነው።»

አለፍኩ፣ ለጥቂት። ወረቀቴ ላይ «የማያስፈልግ ነገር ይዟል» ተብሎ ተጽፏል። ክፍት ነው ስለሚለው መንገድ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ወደ ቤትም የተመለስኩት በእግሬ ነው።