የጋሼ ደመወዝ ሆኜ የከረምኩበት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባዬን ስጠብቅ፣ ሥርዓት የምወድ ልጅ ስለነበርኩ መጠባበቂያም ያዝኩ፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። መምህር የመሆን ሐሳብ አልነበረኝም። የተፈጠርኩት መሐንዲስ ልሆን ነው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ የሌሎች ጥፋት ነበር።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። መንግሥት የሠልጣኙን ምግብና መኝታ ይችላል፤ ሠልጣኙ ደግሞ ጨርሶ ያስተምራል። አቋርጦ ከሄደ የወጣበትን ይከፍላል። ሠልጣኝ ባዶ ኪስ መሆኑን መንግሥት አሳምሮ ስለሚያውቅ፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆነ ዋስ ይጠይቃል። አባቴ ናዝሬት ገበያ ሽንኩርት ይነግዳል፤ ሽንኩርት ደግሞ ደመወዝ አይባልም። ስለዚህ ባቡር ጣቢያ የሚሠሩት ጎረቤታችን ጋሼ ፈረሙልኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለተኛ አባት አገኘሁ፣ አንዱም በቂዬ ሆኖ ሳለ። ጋሪ ላይ ተንጠልጥዬ ካዩኝ፣ "ውረድ! የልጆቼን እንጀራ ልትሰብር ነው?" ይላሉ። ሳስል ከእናቴ ቀድመው የሚደነግጡት እሳቸው ናቸው። ሰላምታቸው እንኳ ተለወጠ፦ "አካም ጂርታ፣ ደመወዜ?"

ሥልጠናው እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ምደባዬ መጣ፤ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ። ወደ ማሠልጠኛው አስተዳደር ሄጄ ለሠራተኛው በዝርዝር አብራራሁለት፤ የምሄደው ከመንግሥት ቤት ወደ መንግሥት ቤት ነው፣ ኪሱ አንድ ነው፣ ስለዚህ ዕዳ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም።

"ጨረስክ?" አለኝ።

"ጨረስኩ።"

"ኪሱ አንድ ነው። የዋስህ ኪስ ግን ሌላ ነው። ከእሱ በየወሩ ይቆረጣል።"

እስከ ዛሬ ባስበው መልሱ ላይ ስሕተት አላገኘሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ቆመው፣ ፊታቸውን አረፋ ቀብተው ጢማቸውን ይላጫሉ።

"ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ።"

"እሰይ የኔ ልጅ!"

"እርስዎ ካልፈቀዱ ግን አልሄድም።" ይህን ያልኩት "ሂድ" እንደሚሉኝ እርግጠኛ ሆኜ ነው፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ነበርኩ።

ነገሩ ገባቸው። ምላጩን አስቀመጡ፤ አረፋው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

"ይቆርጡኛል?"

"ይቆርጡዎታል።"

"መሐንዲስ ስትሆን ትመልስልኛለህ?"

"ወዲያው!"

"በል ሂድ። እምቢ ማለት የነበረብኝ ሳልፈርም ነው።"

ሄድኩ። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ የምንፈልገውን የትምህርት ክፍል ምረጡ ተባልን። እኔም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ምህንድስናን አንደኛ አድርጌ ሞላሁ። አገሪቱ ግን ከእኔ የፈለገችው መምህር ነበር፤ ትምህርት ፋኩልቲ መደበችኝ። እንግዲህ መምህር ላለመሆን ከመምህራን ማሠልጠኛ አመለጥኩ፣ ጋሼ ደግሞ ማምለጫዬን ከፈሉልኝ፣ ከዚያ መምህርነት ልማር ገባሁ። ከዚህ የተሻለ ዕቅድ መሐንዲስም አይነድፍም።

አሁን መቂ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ ይህን ለጋሼ ለመንገር ግን ድፍረቱ የለኝም።

የመጀመሪያ ደመወዜን እንደተቀበልኩ ናዝሬት ሄጄ ገንዘቡን ሰጠኋቸው። ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት።

"ደመወዝህ የመንግሥት ነው አይደል?"

"የመንግሥት ነው።"

ወደ ቤት ተጣሩ። ትልቋ ልጃቸው ወረቀት ይዛ ወጣች። ማሠልጠኛ ተቀብሏት ዋስ አጥታለች።

"አባትሽስ?" አልኳት።

"እኔንማ አይቀበሉኝም፤ ሠልጣኝ የጠፋበት ዋስ ነኝ" አሉ ጋሼ ፈገግ ብለው።

"የዩኒቨርሲቲ ምደባም እየጠበቅኩ ነው" አለች ልጅቷ። "ማሠልጠኛው ለማንኛውም ነው።"

"ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?"

"ሐኪም።"

ብዙ የማስረዳው ነገር ነበረኝ። መቼም ማስረዳት እወዳለሁ። ጋሼ ግን እስክሪብቶውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ያ ደረቅ አረፋ ትዝ አለኝ፤ ፈረምኩ።

ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ፣ ደስ ብሏት፣ የወንድሟ ብስክሌት ላይ ወጥታ በቁልቁለቱ ለቀቀችው።

"ቀስ!" ብዬ ጮህኩ። "ቀስ በይ እንጂ! ውረጂ!"

ጋሼ ከኋላዬ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።