አንድ ዓይን ያላቸው ወታደሮች

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ዘመኑ ደርግ እንደነበረ፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላም ተጀምሮ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ወደፊት ነው፣ ወደኋላ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንደነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ቀለሙ አልደርቅ እያለ ያስቸግረን ነበርና። ቀለም ቀቢ ዘመንን የሚያስታውሰው በዚህ ነው።

ያስታወሰኝ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ያለውን ቤታችንን ስታጸዳ የድሮ የብሩሽ ሳጥኔን ከአልጋ ስር ጎትታ አወጣችው። ከሳጥኑ ግርጌ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘች፤ ፈታችው። አውራ ጣት የሚያህል፣ ከእርሳስ የተሠራ ወታደር ነው። ሰውነቱ የሰው፣ ፊቱ የከርከሮ፤ በአንድ እጁ ጦር፣ በሌላው ጋሻ ይዟል። ልብሱ ካኪ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ዓይን የለውም እኮ» አለችኝ።

«አላደረስኩለትም» አልኳት። ከዚያ በላይ አልነገርኳትም።

አባቴ ከሰሜን የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። እኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈልኝም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እሳቸው መሰላል ላይ ቆመው ሲሠሩ ከታች ቀለም እየበጠበጥኩ ነው። ከሥርዓታቸው አንዱ ይህ ነበር፦ ጻድቅ ሲሳል ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለት ዓይን ይሰጠዋል። ክፉ ሰው ግን በጎን ነው የሚሳለው፤ አንድ ዓይን ብቻ። «ክፉ ሰው ሙሉ ፊቱን ለሰው አያሳይም» ይሉኝ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ እኔ ወደ ታፔላ ሥራ ገባሁ። የምግብ ቤት ስም፣ የወፍጮ ቤት ስም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መፈክር። በዚያ ዘመን እንደ መፈክር እንጀራ የሚያበላ አልነበረም።

አዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ሱቅ ነበረችን። ነበረችን የምለው ከማቴዎስ ጋር ስለሆነ ነው። ማቴዎስ ከከተማው ወጣ ብላ ሐይቁ ዳር ያለችው የቡሹሎ ልጅ፣ ሲዳማ፣ በእምነቱ ጴንጤ ነበር። ጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ መዝሙሩን እኔ ላይ ነበር የሚያወጣው፤ ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎረ ፊደል ይቀባል። በዕድሜ እኩያሞች ነን፤ ሃያ፣ ሃያ አንድ ብንሆን ነው።

አንድ ቀን ለፋብሪካ ሥራ የመጣ ፈረንጅ ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ቀጭን ፊደል ስጽፍ ሲያየኝ ቆየ። በማግስቱ ካርቶን ይዞ ተመለሰ። ውስጡ ሃያ አንድ የእርሳስ ወታደሮች ነበሩ፤ ሁሉም የከርከሮ ፊት ያላቸው፣ ያልተቀቡ። እንደገባኝ ከሆነ በአገሩ ሰዎች እነዚህን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው ይዋጋሉ፤ ጨዋታ ነው። የእሱ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የገዛቸውም ትንንሽ ቀለሞች በጣሳቸው ደርቀዋል።

«እነዚህ ክፉ ናቸው» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። «ክፉ ወታደር። አንተ ጥሩ ቀባ።»

ሥራውን ወደድኩት፤ አልዋሽም። ከመፈክር በኋላ የሰው ፊት መሥራት እንዴት ናፍቆኝ ነበር! እያንዳንዱን በቀለጠ ሻማ የለስላሳ ቆርኪ ላይ አጣበቅሁ፤ በቆርኪው ይዤ እንዳዞረው። ለብሩሽ የፍየል ጸጉር ሦስት አራቱን መርጬ እንጨት ጫፍ ላይ አሰርኩ። ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኜ ጋሻውን ቀይ፣ ጥርሱን ነጭ አደረግሁት። ለልብስ የተረፈን ብዙ ቀለም ካኪ ብቻ ነበር፤ የቀበሌውን የጥበቃ ቤት በር ስንቀባ የቀረ። ካኪ አለበስኳቸው። ዓይናቸው ላይ ስደርስ ክፉ ናቸው ተብያለሁና የአባቴን ሥርዓት ተከተልኩ፤ አንዱን ወገን ሣልኩ፣ ሌላውን ደፈንኩ።

ማቴዎስ አንዱን በቆርኪው አንሥቶ አገላበጠው።

«ወንድሜ፣ ለጋኔን ልብስ ሰፊ ሆነህ ቀረህ ማለት ነው?»

«አንተ ፊደልህን ቀባ። ‹ሠ›ህ ሰክሯል።»

«ይሁን። የዚህ ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?»

ሥርዓቱን ነገርኩት። ሳቀና፣ «እግዚአብሔር እኮ ለክፉውም የሰጠው ሁለት ነው። አንተ ነህ የምትቆርጥበት?» አለኝ። እንዲህ ነበር፤ ቀልዱና ስብከቱ አይለይም።

ሃያው አለቀ። ክረምት ነውና እንዲደርቁ ፀሐይ በምትገባበት፣ መንገድ ዳር ባለው መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን እወቅሳለሁ። በዚያው ሳምንት የከተማው ምልምል ልጆች በካኪ ተሰልፈው በዚያው መንገድ ሲያልፉ አይቻለሁ። እናቶች ሲከተሏቸው አይቻለሁ። ያየሁትን ከቀባሁት ጋር ግን አላገናኘሁትም። ዓይን አለኝ ብዬ በዓይኔ እንጀራ የምበላ ሰው!

ዓይኑ ያልተሣለለትን ሃያ አንደኛውን ኪሴ ከትቼ ጠዋት ቡሹሎ ወረድኩ። ለአንድ ወፍጮ ቤት ታፔላ ልሰቅል ነው። ለማቴዎስ እናትም ላሳያቸው ነበር፤ «ልጄን ጋኔን ታስቀባዋለህ አሉ» ብለው ልከውብኝ ነበርና። ምሳ እሳቸው ቤት ቀረበልኝ፤ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣና ቆጮ። ወታደሩን አገላብጠው አዩት፤ «ምስኪን፣ አስቀያሚ» አሉና ሳቁ።

ዓሣውን ሳልጨርስ የሱቃችን ጎረቤት የሆነው ልብስ ሰፊ በብስክሌት ከች አለ። ላቡ ይንጠባጠባል።

«ማቴዎስን ወሰዱት» አለ። «አብዮት ጠባቂዎች።»

ሁሉን በር ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ አንድ በአንድ ነገረን። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሲያልፍ መስኮቱን አይቶ ቆመ።

«ማነው ይሄን የቀባው?»

«እኔ ነኝ ጓድ» አለ ማቴዎስ።

«ሠራዊታችንን አሳማ አደረግኸው?»

«የፈረንጅ መጫወቻ ነው። እኔ ቀለም ብቻ ነው የቀባሁት።»

«ካኪውስ?»

«የእናንተን ጥበቃ ቤት ስንቀባ የተረፈ ነው።»

«አንድ ዓይንስ? አንድ ዓይን ለምን?»

«ብሩሹ ወፍራም ሆኖብኝ ነው» አለ ማቴዎስ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ጓድ ከመባሉ በፊት ዲያቆን ነበር። በልጅነቱ እንደ አባቴ ባሉ ሰዎች ሥዕል ፊት ቆሞ ቀድሷል። «አንድ ዓይን ለማን እንደሚሳል አላውቅም መሰለህ?» ብሎ በጥፊ መታው። ወታደሮቹን በካርቶን አስጭኖ ማቴዎስን ይዞት ሄደ።

ብድግ አልኩ። የማቴዎስ እናት «ቁጭ በል» አሉኝ።

«እማማ፣ የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የእኔ ልጅ ፊደል እንጂ ሰው መሣል አይችልም።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ልጄ እኔ ነኝ ብሏል። አንተ ሄደህ እኔ ነኝ ብትል እሱን ዋሸህ ብለው ይይዙታል፣ አንተን ቀባህ ብለው ይይዙሃል። ሁለታችሁንም ላጣ?»

ተቀመጥኩ። የንግግራቸው ልክነት እስከ ዛሬ ይገባኛል። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ቁጭ በል ሲሉኝ ልቤ ዕረፍት አገኘ። ለመቀመጥ ምክንያት ስፈልግ ነው የሰጡኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ፈረንጁ ቀበሌ ሄዶ ጨዋታ ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር አሉ። ማን ይስማው። ከጥቂት ቀን በኋላ አገሩ ገባ። ማቴዎስን ደግሞ «አሻንጉሊት ወታደር ከወደድክ እውነተኛውን ሁን» ብለው ከምልምሎቹ ጋር ቀላቀሉት። እናቱ በየቀኑ ከቡሹሎ በእግራቸው ስንቅ እያደረሱለት እኔ ቤታቸው ተደብቄ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ከእሱ መልእክት ይዘውልኝ መጡ፦ «ብሩሾቹን ማጠብ እንዳይረሳ በይው። ይደርቃሉ።» የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነበር። ምልምሎቹን የጫነው መኪና በማግስቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። ጦርነቱ አልቆ የተረፉት ባዶ እግራቸውን ሲገቡ እናቱ አውራ ጎዳናው ዳር ቆመው እያንዳንዱን ፊት ያዩ ነበር። ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም፤ ሞተ ያለ የለማ።

እኔስ? ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ለአብዮት በዓል ያው ሊቀ መንበር ለቀበሌው ቅስት መፈክር ሊያሠራ መጣ። ሠራሁለት። ቀዩ ደመቅ ይበል አለኝ፤ አደመቅሁለት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የተዋጣለት ፊደል እሱ ይመስለኛል፤ ይህም ያንገበግበኛል።

አሁን እጄ እንደዚያ ፈረንጅ እጅ ይንቀጠቀጣል። አዋሳ ሐዋሳ ተብላለች፤ ሱቃችን የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ በሩ ላይ ባጃጅ ይሰለፋል። ታፔላ ሁሉ በማሽን ይታተማል። ያችን ትንሽ ወታደር መስኮቴ ላይ አቁሜያት ሳያት እውላለሁ። ብሩሽ መያዝ ብችል ኖሮ ሁለት ዓይን እሠራላት ነበር፤ ማቴዎስ እንዳለው። አንድ ዓይን የሚገባው ሌላ ሰው ነው።

ይህንኑ የዓይን ነገር አንድ ጊዜ ለእናቱ ተናግሬ ነበር። አርጅተው ነበር፤ በሳምንት አንዴ ቡሹሎ እየሄድኩ ማገዶ እፈልጥላቸው ነበር። መጥረቢያውን አስቀምጬ «እማማ፣ አባቴ ቢኖሩና ቢስሉኝ አንድ ዓይን ነበር የሚሰጡኝ» አልኳቸው። ወደ ደጅ፣ ወደ ብርሃን ሳቡኝ። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ግራ አዞሩ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ፤ መንገድ ዳር ቆመው የነዚያን ተመላሾች ፊት እንደሚያዩት አዩኝ።

«ሁለት ናቸው» አሉኝ። «አሁን እንጨቱን ጨርስ።»

ጨረስኩ። እስከ ዛሬ የኖርኩትም በዚያች ቃል ነው። ሁላችንም የማቴዎስ እናት ነበር የምንላቸው፤ የራሳቸው ስም ግን ማርታ ላሊሞ ነበር።